የልጄ ጉልበት አብጧል፤ ያለችኝን አንዲት ፋክተር አሁን ላሰጠው ወይስ ላቆያት?

የዘጌዋ እናት (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ሄሞፊሊያ አለበት፤ ደሙ እንደ ሰው ቶሎ አይረጋም። ትናንት ኳስ ሲጫወት ዋለ፤ አልወደቀም። ማታ ግን «ጉልበቴን ሞቀኝ፣ ነዘረኝ» አለ። ጠዋት ሳየው አብጧል። እግሩን አጥፎ ይዞ ዘርጋ ብለው እሺ አይለኝም። ያለችኝ ደም የምታረጋው መድኃኒት፣ አንዲት ፋክተር ብቻ ናት፤ ጎረቤት ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ከአምቦ ውሃው አጠገብ ተቀምጣለች። መብራት ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ የለም። እብጠቱ ገና ትንሽ ስለሆነ ለከፋ ቀን ላቆያት እያልኩ ነው። ደሙ በራሱ ይመጠጥ የለ? ዶክተሩ «ሲደጋገም ካርቲሌጁን ይበላዋል» ብሎኝ ነበር። የገዛ ደሙ አይደል እንዴ? እንዴት ይበላዋል? ወጌሻው ደግሞ «ቢታሽ ይለቀዋል» ብሎ ደጅ ቆሟል።

ባጃጁ፦ በረዶ ያዥበት።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ በረዶ። በጨርቅ ጠቅልለሽ።

ጋሼ ነኝ፦ ልጄ፣ ስም አታብዙበት። ይሄ የሐይቅ ዳር ብርድ ነው። እኔም 30 ዓመት ይዞኛል። አንዲት ዳይክሎፌናክ መርፌ አስወጊው፣ ማታ ይሮጣል።

ሲስተር ቀበሌ 14፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ይህ ምክር ልጁን ይጎዳዋል። እህቴ፣ ጡንቻ ላይ መርፌ በፍጹም እንዳይወጋ፤ እዚያም ይደማል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አይሰጥም፤ መድማቱን ያባብሳሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ይበቃዋል። ወጌሻውን ቡና አጠጥተሽ ሸኚው፤ ከታሸ የባሰ ይደማል። እግሩ ከፍ ብሎ ይረፍ። በረዶው ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ፋክተርን አይተካም። ልጁ ስንት ኪሎ ነው? ሄሞፊሊያው ኤ ነው ቢ? ብልቃጡ ላይ ስንት ዩኒት ይላል? ይህን ሁሉ ሳትነግሪን እኮ ነው የጠየቅሽን።

ባጃጁ፦ በረዶ ብዬ ነበር።

ላብራቶሪው፦ «እንዴት ይበላዋል» ላልሽው ልመልስ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ። የበግ ጉልበት ሲበለት አይተሻል? አጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጣት የሚያንሸራትት ሽፋን አለ። ካርቲሌጅ እሱ ነው። የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከተጎዳ ራሱን መጠገን ይቸግረዋል።

ደም ሲገባበት ቀይ ሴሎቹ ይፈርሱና ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ይለቀቃል። ነጭ ሴሎቹ ደግሞ ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የሚባል መልእክት ይረጫሉ። መልእክቱ የደረሰው የካርቲሌጅ ሴል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው፣ እሱው ነው። ፐርኦክሳይዱ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል፤ ይሄ ያገኘውን ሁሉ የሚለበልብ ነገር ነው። ሴሉ ይሞታል። ሟቹ ደግሞ ፕሮቲዮግላይካን የሚሠራው ነበር፤ ውሃ ይዞ ካርቲሌጁን እንደ ፍራሽ የሚያለሰልሰውን ማለት ነው። ሠሪው ከሌለ ፍራሹ እያለቀ ይሄዳል።

ይመጠጣል ያልሽው ልክ ነው፣ ግን ቀናት ይፈጃል። በላብራቶሪ ካርቲሌጅ 4 ቀን ደም ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ፣ ደሙ ከታጠበለት በኋላም ጉዳቱ አልለቀቀውም። ብረቱም ሁሉ አይወጣም። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ይውጠውና ቡናማ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ ስስ የደም ሥሮች ያበቅላል። እነሱ ደግሞ ትንሽ ሲነኩ ይደማሉ። በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የደማ መገጣጠሚያ ለብቻው የሚታየው ለዚህ ነው።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ላብራቶሪው፣ አንተን አንብቤ ስጨርስ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ 😂 ብረት ከሆነ ጥፋተኛው ጤፍ ይተው ወይ?

ላብራቶሪው፦ አይተውም! የሚበላው ብረትና ጉልበት ውስጥ የፈሰሰው ደም አይገናኙም። እንዲያውም ብዙ የሚደማ ልጅ ብረት ያንሰዋል።

የዘጌዋ እናት፦ 22 ኪሎ ነው። ኤ ነው። ብልቃጧ 500 ትላለች። አሁንማ ፈራሁ።

ሲስተር ቀበሌ 14፦ አትፍሪ፣ ተነሺ። በሄሞፊሊያ ኤ የሚጎድለው ፋክተር 8 ነው፤ 1 ዩኒት በኪሎ ደሙ ውስጥ ያለውን 2 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። 500 ለ22 ሲካፈል 23 ገደማ፤ እጥፉ 45 ከመቶ ገደማ ነው። ለጉልበት ደህና መጠን ነው። ልትቆጥቢያት ያሰብሻት ብልቃጥ ደንበኛ ቀኗ ዛሬ ነው። ቆይተሽ ብታሰጪው ያው ብልቃጥ ናት፣ ደሙ ግን የጠጣውን ጠጥቷል። ሐኪማችሁ ጋ አሁኑኑ ደውይና መጠኑን እሱ ይወስን። የምትሰጠው በደም ሥር ስለሆነ የሚችል ባለሙያ ይስጠው። ሌላም ብልቃጥ ካላቸው ጠይቂያቸው።

ለሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ሞቀኝ፣ ነዘረኝ» ያለሽ ሰዓት ነው መድማቱ የጀመረው። እብጠት አትጠብቂ።

የዘጌዋ እናት፦ ፍሪጁ መብራት የለውም ብያችኋለሁ። ተበላሽታ ቢሆንስ?

ሲስተር ቀበሌ 14፦ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ትቀመጣለች። ካርቶኑ ላይ ከፍሪጅ ውጭ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ ተጽፏል፤ እሱን ለሐኪሞቹ አንብቢላቸው። ካርቶኗን አትጣይ። በረዶ አድርገሽ ያዢያት፣ ግን ብልቃጧ በረዶውን አትንካ፤ በረዶ ሆና ከረጋች አለቀላት።

ባጃጁ፦ በረዶ! በመጨረሻ አንድ ሰው ሰማኝ።

ጋሼ ነኝ፦ እኔስ ብርድ ነው ባይ ነኝ። ግን ልጅቱ ትሂድ። ጀልባ ጠብቂ አትበይ፣ በመኪናው መንገድ ውጪ።

የዘጌዋ እናት፦ ደወልኩ፤ አምጪው ብለውኛል። አባቱ አዝሎታል። ካርቶኗ ሱቅ ቀርታለች መሰለኝ፣ ልመለስ ነው

የሁለት ልጅ እናት፦ እህቶቼ፣ የኔ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ነው፣ በዚህ ወር ሁለተኛው ነው። በየሳምንቱ የሚሰጥ ነገር አለ ይባላል?

ላብራቶሪው፦ አለ፣ ከመድማት በፊት የሚሰጥ መከላከያ ነው። ለኤ ደግሞ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኤሚሲዙማብ የሚባል አለ። ሐኪሙን ጠይቂው። ለዚህ ግን ለብቻሽ ጥያቄ ክፈቺ፣ እዚህ ይጠፋል።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ የዘጌዋ እናት፣ ካርቶኗ ተገኘች?