ፒ 0171 እና ፒ 0420 የሚያወጣ አሮጌ ኮሮላ፦ ካታሊስቱን ከማስቆረጥ በፊት

ተመላሽ (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። መኪናው የ2004 (በፈረንጅ) ኮሮላ ነው፤ የአሜሪካ ሥሪት፣ 1.8 ሞተር፣ ማለትም 1ዜድዜድ። የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ ስካነሩ ፒ 0171 እና ፒ 0420 የሚሉ የብልሽት ኮዶችን አብሮ አወጣ። ጠዋት ሲነሣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይተወዋል። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። ከመካኒኮች የሰማሁት ሁለት ነገር ነው፦ አንዱ «ካታሊስቱ (የጭስ ማጽጃው) ታፍኗል፣ ቆርጠን ቀጥ ያለ ቱቦ እንበይድለት» ሲል፣ ሌላው «ከፍታው ነው፣ ተወው» ይላል። የቦሎ ጊዜ ደርሷል። ውጭ ያላችሁ ካታሊስት ላኩልኝ ልበል?

አሥራ ሁለት ቁጥር (ሜሪላንድ)

አይበሉ፤ ያለውንም አያስቆርጡ። ሁለቱ ኮዶች አብረው ሲመጡ ቅድሚያ የሚሰጠው ለ0171 ነው። 0171 የሚለው የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ቀጥኗል ነው፤ ሴንሰሩ ያልቆጠረው አየር እየገባ ነው፣ አለዚያም ቤንዚኑ እያነሰ ነው። ድብልቁ እንዲህ ተዛብቶ እያለ የካታሊስቱ ምርመራ የሚሰጠውን ውጤት ማመን አይቻልም። ስለዚህ 0420ን (ካታሊስቱ ደክሟል የሚለውን ኮድ) ለጊዜው እንደሌለ ይቁጠሩት።

«ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይተወዋል» ያሉት ምልክት በዚህ ሞተር ላይ በቀጥታ ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ወደ ማሸጊያው ጎማ፣ ይመራል። ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፤ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ አየር ያስገባል፣ ሲሞቅ አብጦ ይዘጋል። ለማረጋገጥ ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ መሆን አለበት፤ ከሞቀ በኋላ ቢፈትሹት ደህና ሆኖ ያገኙታል።

ስካነሩ ላይ ኤስቲኤፍቲ እና ኤልቲኤፍቲ የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች (ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚጨምርበትን ወይም የሚቀንስበትን መቶኛ) ይደምሩ። በጤነኛ መኪና ድምሩ ከ+10 በመቶ አይበልጥም፣ ከ-10 በመቶም አይወርድም። ሚኒሞ ላይ ድምሩ +20 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በደቂቃ በ2,500 ዙር ወደ +5 ከወረደ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጋዝ ሲረገጥ የሚያድግ ከሆነ ጋርኒሲዮኑን ይተዉት፤ ችግሩ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ነው።

ቦታውን ለማግኘት ማኒፎልዱ ከቴስታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚገናኝበትን መስመር ከአንደኛው ሲሊንደር እስከ አራተኛው በውሃ መርጫ ያርከፍክፉት። ውሃው ክፍተቱን ለቅጽበት ስለሚዘጋው ሞተሩ ሲረጋ ይሰማዎታል። ብዙ ሰው ለዚህ የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫል። ይሠራል፣ ግን የጋለ ማርሚታ ወይም የተላጠ ገመድ ካገኘ ይቀጣጠላል።

ሥራው ከባድ አይደለም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ የአየር ቱቦውንና ስሮትሉን ያውጡ፣ ማኒፎልዱን በ12 ቁጥር ይፍቱ። አሮጌው ጋርኒሲዮን ሲወጣ መቀመጫውን በጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ ቴስታው አሉሚኒየም ስለሆነ በካቻቢቴ መፋቅ ይጎዳዋል። ሲያስሩ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ «ለማጠንከር» ተብሎ ሲሊኮን እንዳይቀባ። ተራ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው ተን ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠልና የኦክሲጅን ሴንሰሮቹን (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለኩትን) ይገድላል። አንድ ብልሽት አስጠግነው ሁለት ይዘው ይወጣሉ።

ፊልትሮ (ባሕር ዳር)

«ከፍታው ነው» የሚለውን ለመድገም ያህል ሳይሆን ለመለየት ነው የምጽፈው። ጣና ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየር ግፊቱ በ101 ፋንታ 81 ወይም 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ይሆናል። ካርቡሬተር ያለው መኪና በዚህ ይቸገራል። ቤንዚኑ በዚያው ቀዳዳ እየመጣ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል። ልብ ይበሉ፦ ይወፍራል። 0171 ደግሞ የሚከሰው ቀጠነ ብሎ ነው፤ ተቃራኒው። ኮሮላው የሚገባውን አየር በክብደት ስለሚለካ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል፣ ከፍታ ብቻውን መብራት አያበራበትም።

ከፍታው የሚያሳስተው የአሜሪካ የጥገና መጽሐፍ ይዞ እዚህ የሚሠራን ሰው ነው። መጽሐፉ ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ቫኪዩም (የሞተሩ የመምጠጥ ኃይል) ይጠይቃል። ለየ1,000 ጫማው ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀነስ ባሕር ዳር ላይ (1,800 ሜትር 5,900 ጫማ ገደማ ነው) ከ11 እስከ 15 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። ጌጁ 13 ስላለ ብቻ ቴስታ አይውረድ። ኮምፕሬሽንም (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) እንዲሁ ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ይላል፤ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ ከ1 ባር ካለፈ ያስጠረጥራል።

ጉልበቱም ቢሆን አየሩ ስለሳሳ አንድ ስድስተኛ ያህሉ እዚህ ይጠፋል። ስለዚህ የቤዛዊትን ዳገት ሲወጣ መድከሙ ካታሊስቱ መታፈኑን አያስረዳም። መታፈን የሚረጋገጠው የፊተኛውን (ከካታሊስቱ በፊት ያለውን) የኦክሲጅን ሴንሰር በ22 ቁጥር ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት ጌጅ በማሰር ነው፤ በ2,500 ዙር ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካሳየ መውጫው ተዘግቷል። ጌጅ ከሌለ ሴንሰሩን አውጥተው ለአጭር ርቀት ይንዱት። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ግን ጉልበቱ ድንገት ከተመለሰ መልሱ ተገኘ።

አቧራውን ደግሞ አትርሱ። የአየር ፊልትሮ በየጎሚስታው በኮምፕረሰር እየተነፋ ዓመት ሲከርም ወረቀቱ ይሳሳና አቧራው የአየር መለኪያው ሽቦ ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩ የሚታጠበው ለእሱ በተሠራ ማጽጃ ነው፤ ሽቦው በጨርቅም በጣትም አይነካም።

ዲሲ ጎጃሜ

ከዚህ መላክን በተመለከተ፦ ጋርኒሲዮንና ሴንሰር በሰው ሻንጣ ይሄዳል። ጋርኒሲዮኑ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሃል ይደረግ። የአየር መለኪያ ማጽጃው ተቀጣጣይ የሚረጭ ቆርቆሮ ስለሆነ በአውሮፕላን አይጫንም፤ ማንም ወዳጅ ነኝ ባይ እንዳያስይዛችሁ። የኦክሲጅን ሴንሰር ሲገዛ ሶኬቱ አብሮት ያለውን ይግዙ። ገመዱ ተቆርጦ የሚቀጠለው ርካሹ ዓይነት ጣጣ አለው፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ንጹሕ አየር የሚያገኙት በገመዱ ውስጥ ስለሆነ በብየዳ ሲደፈን ልክ ያልሆነ ንባብ ይሰጣሉ። ደግሞም ሶኬቱ ገጠመ ማለት ዓይነቱ ያው ነው ማለት አይደለም። አሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር በፎቶ ይላክ።

ተመላሽ

አመሰግናለሁ። ንባቡ፦ ጠዋት ሚኒሞ ላይ +24፣ በ2,500 ዙር +4። ጋርኒሲዮኑን አዝዣለሁ። ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ከተጠገነ በኋላ ካታሊስቱ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደግሞ ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ሽታ አለ፣ ወዲያው ለማስነሣትም ያስቸግራል።

አሥራ ሁለት ቁጥር

ቁጥሩ ራሱ ተናግሯል። ከጠገኑ በኋላ ኮዱን ያጥፉና ከካታሊስቱ በፊት የጭስ መሹለክ እንደሌለ ይዩ። አንድ ሰው የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሴኮንድ ሲይዝ እርስዎ ከፊት ያዳምጡ፤ ፍሽሽታ ካለ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድና የቱቦው መገናኛ ጋርኒሲዮን ነው። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው አየር የኋለኛውን ሴንሰር ያሳስትና 0420ን በሐሰት ያወጣል።

ከዚያ ሞተሩን በደንብ አሙቀው 2,500 ዙር ላይ ለሦስት ደቂቃ ይያዙት። የኋለኛው ሴንሰር ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ከቆመ ካታሊስቱ ይሠራል። እንደ ፊተኛው በ0.1 እና በ0.9 መካከል ሲወጣ ሲወርድ ካዩት ግን ደክሟል። ኮምፒውተሩ ራሱ ምርመራውን እንዲጨርስ ወጥ ፍጥነት ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ በባጃጅ መሃል ሲቆሙ ሲነሡ አይጨርስም፤ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በ70 እና 80 መካከል ሩብ ሰዓት ያህል ይንዱት። 0420 መብራት የሚያበራው በሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ሲደገም ስለሆነ በአንዱ ጉዞ አልበራም ብለው አይርኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሲሊንደር እየሳተ (ቤንዚኑን ሳያቃጥል እየቀረ) ነውና ወዲያው ያቁሙ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ሲነድ ሴራሚኩን ያቀልጠዋል፤ ካንዴላውንና ኮይሉን ይፈትሹ።

ካታሊስቱ በእርግጥ የሞተ ከሆነ ሞተሩ የሚበላውን ዘይት መጀመሪያ ይለኩ። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ላይ የተገጠመ አዲስ ካታሊስት በዘይቱ አመድ ተሸፍኖ ቶሎ ይሞታል፤ የዚህ ሞተር ቀደምት ሥሪቶች፣ እስከ 2002 ያሉት፣ በዚህ ይታወቃሉ።

ፊልትሮ

የሽታውን ነገር እኔ ልመልስ። ወረፋው ስለሚያስመርር እዚህ ሁሉም አፍ እስከ ገደፉ ያስሞላል። መቅጃው ራሱ ካቆመ በኋላ ነዳጅ ቀጂው የሚጨምራት ቤንዚን በትነት መስመሩ ወደ ከሰሉ ጣሳ ትገባለች። ጣሳው የተሠራው ተን ለመያዝ ነው፣ ፈሳሽ አይችልም። ከጣሳው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቫልቭ ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ያ ሁሉ ተን ሞተሩን ያንቀዋል፤ ከሞሉ በኋላ ለመነሣት የሚቸገረው ለዚህ ነው። ቫልቩን ፈትተው በአፍዎ ይንፉበት። ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው ካሳለፈ ተበላሽቷል። በኦም መለኪያ 30 አካባቢ ማሳየት አለበት። የታንኩን ክዳን ጎማም ይዩት፤ ከተሰነጠቀ ክዳኑ ይቀየር።

ስለ መቁረጡ አንድ ነገር ልጨምር። በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አክርሞ መያዝ ግድ ነው። ካታሊስቱ አንዴ ከወጣ 0420 በርቶ ይቀራል፣ ሌላ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣም መብራቱ አይለይልዎትም። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለው ገዢው ብዙ ነው። የግድ የሚወጣ ከሆነ የወጣው ዕቃ የእርስዎ መሆኑን ቡሎኑ ሳይፈታ በፊት ይነጋገሩ።