አምስተኛ ጥጃዋን ወልዳ መነሳት ያቃታት ላም
ከብት የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ቢሾፍቱ አካባቢ ጥቂት የሆላንድ ዲቃላ ላሞች አሉኝ። ትልቋ በወለደች ማግስት ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኛች። ሐኪሙ ካልሲየም በደም ስሯ ቀስ አድርጎ ሲሰጣት ወዲያው ተነሳች፤ በነጋታው ግን ደግማ ወደቀች። መጀመሪያ የተወሰደው ደሟ ሲመረመር ካልሲየሙ 5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ፤ የጤነኛ ላም ከ8 በላይ ነው አሉኝ። ፎስፈረስና ማግኒዥየም አልተለካም። በመጀመሪያዎቹ ወሊዶቿ ምንም አልነካትም ነበር። ላም ዕድሜዋ ሲገፋ ከአጥንቷ ካልሲየም ቶሎ አታወጣም የሚሉት ይሆን? እርጉዝ ሳለች አልፋልፋ የሚባለውን መኖ በገፍ ሰጥቻታለሁ፣ ለበጎ ብዬ! አሁን ካልሲየሙ ይደገም ወይስ ቀሪዎቹ ማዕድናት ቀድመው ይለኩ? ሌላዋም በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፤ እሷንስ ምን ላብላት?