መጽሔት ወደ ስልክ ሲገባ ፍሪላንሰሩ ምን አተረፈ? (ክርክር)

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ትናንት ፒያሳ ቡና ላይ ስንጨቃጨቅበት አምሽተን ስላልተቋጨ ወደዚህ አመጣሁት። መጽሔት ከወረቀት ወደ ስልክ መግባቱ ቅጥር ለሌለው፣ በየጽሑፉ ለሚከፈለው ጸሐፊ ጠቀመው ወይስ ጎዳው? እኔ ጎዳው ባይ ነኝ። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ መጽሔት እጽፍ ነበር፣ በእጄ ጽፌ ኢንተርኔት ቤት ወስጄ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም ነው) አስተይቤ በኢሜይል እልካለሁ፣ ሲወጣ 400 ብር። ትንሽ ነው ግን ስታስበው ያኔ ኪራይ ይሸፍን ነበር። አሁን የቴሌግራም ቻናሉ ሁሉ «ጽሑፍ ላኩልን» ይልሃል፣ ስንት ትከፍላላችሁ ስትል «ስምህን እናስተዋውቅልሃለን»። ስሜንማ እናቴም ታውቀዋለች ሃሃሃ

ቦርከና፦ ያቺን 400 ብር ስንት ጊዜ ተቀበልካት? እውነቱን አውጣ።

የጦሳ ልጅ፦ እሺ፣ ከሰባቱ አራቱን። የሦስቱን «ሒሳብ ክፍል ነው» እያሉኝ መጽሔቱ ተዘጋ።

ቦርከና፦ በቃ ይኸው! ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያኔ አዘጋጁን የሚያውቅ ሰው ከሌለህ ጽሑፍህን ማን ያየዋል? እኔ በወረቀት አንድም ቀን አልወጣሁም፣ ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ለዩቲዩብ ተራኪዎች ስክሪፕት እጽፋለሁ፣ ብሩ በቴሌብር ይገባልኛል። የዛሬ መጽሔት እሱ ነው በቃ፣ ሰው ድሮ ያነበው የነበረውን የታሪክና የወንጀል ጽሑፍ አሁን ልብስ እያጠበ ይሰማዋል።

ሰኞ ገበያ፦ ስምሽ ይወጣል ግን?

ቦርከና፦ አይወጣም። እሱ ያመኛል፣ አልዋሽም። ተራኪው «ያዘጋጀሁት» ብሎ ነው የሚጀምረው።

የድሮ ታይፒስት፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ገዳዩን አልያዛችሁትም። ኢንተርኔት መጥቶ ነው እንዴ የአማርኛ መጽሔት የሞተው? ሐምሌ 2006 መጨረሻ ላይ ፍትህ ሚኒስቴር ሎሚ፣ ፋክት፣ ጃኖ፣ እንቁና አዲስ ጉዳይ የተባሉትን መጽሔቶችና አፍሮ ታይምስ ጋዜጣን መክሰሱን ሲያስታውቅ እዚህ ደሴ ስንቱ አንባቢ ስማርት ስልክ ነበረው? ከጋዜጣ አዟሪ በሳንቲም ተከራይተን አንብበን እንመልስ የነበርን ሰዎች ነን። ከዛ ደግሞ ወረቀቱ። ወረቀት በዶላር ነው የሚገባው፣ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 በላይ ሆነ፣ ማን አትሞ ማን ይገዛል። እንደኔ እንደኔ የኛ አገር ሽግግር አይባልም፣ አንዱ ቤት ተቃጠለ፣ ሰዉ ሜዳ ላይ ወጣ፣ ሜዳውን ዲጂታል አልነው። ፈረንጆቹ እኮ አስበውበት ነው የተሻገሩት፣ የአሜሪካው መጽሔት ኒውስዊክ በነሱ 2012 መጨረሻ ወረቀቱን አቁሞ በ2014 ተመልሶ ማተም ጀመረ። እኛ ጋ የተመለሰ አለ?

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ ይሄን ትናንት ቡናው ላይ ቢሉልን ኖሮ በጊዜ እንተኛ ነበር።

ሐረጎ ላይ፦ ኧረ በአላህ ሜዳው ለኛም ክፍት አይደለም። በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ሰብስታክ (ጸሐፊ ጽሑፉን ለከፋይ አንባቢ የሚልክበት ድረ ገጽ) ልጀምር አልኩ፣ ክፍያው ስትራይፕ በሚባል የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ነው፣ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ አንባቢው ልክፈል ቢል እንኳ እኔ መቀበያ የለኝም፣ ውጭ ያለ ዘመድ ስም ካልተበደርኩ። እሱም አልፎ፣ በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲዘጋብን ለአንድ ድረ ገጽ በየሳምንቱ የምልከው አምድ ነበረኝ፣ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ፍለጋ ላፕቶፕ ታቅፌ ስዞር ሁለት ሳምንት ዘለልኩ፣ በሦስተኛው ሌላ ሰው ተክተዋል። ምንም አላሉኝም፣ አምዱን ከፍቼ ነው ያየሁት። የወረቀቱ ጊዜ ቢሆን ፖስታውን ለሹፌር እሰጠው ነበር።

ቦርከና፦ አብሽር ወንድሜ። እኔም ያኔ ሁለት ደንበኛ ጠፍቶብኛል።

ሰኞ ገበያ፦ ስለ ስርቆቱ ዝም አላችሁ እንጂ ዋናው እሱ ነው። ድሮ ጽሑፍህን የሚሰርቅህ ሌላ ማተሚያ ቤት ከፍሎ ማሳተም ነበረበት። አሁን በጣት ነክቶ ይወስደዋል፣ ከስር ያለውን ስምህን ቆርጦ የቻናሉን ሊንክ ይለጥፍበታል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ እኮ ሥራው ያንተ ነው፣ ስምህም ይጠቀስ ይላል። ግን 600 ብር ላላወጣ ጽሑፍ ጠበቃ ይዤ ልክሰስ?

የድሮ ታይፒስት፦ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፣ አራሚው። እኔ ስተይብ አራሚ በቀይ እስክሪብቶ ሞልቶ ይመልስልኝ ነበር፣ ጀማሪው ጸሐፊ ቀዩን እያየ ነው የተማረው። የዛሬው ልጅ ከማን ይማር፣ ከኮሜንት? ኮሜንት ላይ የሚገኘው ስድብ ነው።

ቦርከና፦ እሱስ እውነቶትን ነው ጋሼ። የመጀመሪያ ስክሪፕቶቼን አሁን ሳነባቸው አፍራለሁ፣ አንድም ሰው እንዲህ አድርጊው አላለኝም፣ እይታ ካመጣ በቃ ነው። ቢሆንም ወደ ኋላ መልሱኝ አልልም፣ ያኔ እኔን የሚያስገባኝ አልነበረም።

የጦሳ ልጅ፦ አቋሜን አልቀየርኩም፣ ጎዳን። ግን ቦርከና፣ ለአንድ ስክሪፕት ስንት ነው የሚከፍሉት? ለክርክሩ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ለክርክሩ ሃሃሃሃ

ቦርከና፦ በውስጥ መስመር ና እነግርሃለሁ። ግማሹ ቀድሞ ቴሌብር ላይ ሳይገባ ግን ፋይሉን እንዳትልክ፣ «ሒሳብ ክፍል ነው» የሚሉ እዚህም አሉ።