አስቸኳይ! 88305 በ5 ዩኒት ልኬ ክሌሙ ተመለሰብኝ

የቨርጂኒያዋ፦
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የፓቶሎጂ ላብ (ከሰውነት የወጣ ናሙና የሚመረመርበት) ቢሊንግ፣ ማለትም ክፍያ የመጠየቅ ሥራ ከጀመርኩ 2 ወር ሆኖኛል። ኮሎኖስኮፒ (የትልቁ አንጀት ምርመራ) የተደረገለት ሰው 5 ፖሊፕ (ትንንሽ ትርፍ ሥጋ) ወጥቶለት 88305 የሚለውን የናሙና ምርመራ ኮድ በ5 ዩኒት (ብዛት) አድርጌ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ላክሁ። ኢንሹራንሱ (የግል ነው) ሪፖርቱ ይህን አያሳይም ብሎ መለሰው። የሌላ ሰው የሐሞት ከረጢትም 88305 ብዬ ልኬ ተመልሷል። ሁለቱም ላይ ካንሰር አልተገኘም። ታዲያ የሁለቱንም ኮድ ዝቅ ላድርገው? አለቃዬ ዛሬ ሳልወጣ እንድጨርስ ትፈልጋለች።

ዳላስ ቢለር፦
ሞዲፋየር 59 (ሥራው ለየብቻ የተሠራ ነው የሚል የኮድ ተቀጥላ) ጨምሪበት። ያልፍልሻል።

ሲያትል፦
የፖሊፑን ቁጥር ነገርሽን፣ ናሙናው የመጣበት ብልቃጥስ ስንት ነው? ሪፖርቱ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ተለይቷል?

የድሮ ኮደር፦
ልጄ፣ አትደንግጪ፣ ግን መሠረቱን ያዢ። ሲፒቲ (የሕክምና ሥራ ኮዶች መጽሐፍ) ላይ ለቀዶ ሕክምና ናሙና የተቀመጡት ዋና ኮዶች 6 ናቸው። 88300 ፓቶሎጂስቱ በዓይኑ ብቻ አይቶ የሚጨርሰው ነው። ከ88302 ጀምሮ ማይክሮስኮፕ ይገባል፣ ከዚያ 88304፣ 88305፣ 88307፣ 88309 እያለ ሥራው ይከብዳል። የሄርኒያ ከረጢት 88302 ነው። ጡት ከብብት ንፍፊቶቹ (ሊምፍ ኖድ) ጋር ወጥቶ ሲመጣ 88309 ይሆናል። የትኛው ናሙና የት እንደሚገባ መጽሐፉ ላይ በስም ተዘርዝሯል። እኔ ስጀምር ያንን ገጽ ቀድቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር፣ አንቺም እንዲያ አድርጊ።

ዳላስ ቢለር፦
ይሄ ሁሉ ትምህርት ለምን? 59 በቂ ነው አልኩ እኮ።

ሜሪላንድ ላብ፦
59 የሌለ ናሙና አይፈጥርም ወንድሜ። ኦዲት ቢመጣ እሷ ናት የምትጠየቀው።
እህቴ፣ ጥያቄሽ ራሱ ከመነሻው ልክ አይደለም። ካንሰር ስላልተገኘ ብለሽ ኮድ አታውርጂ። የአንጀት ፖሊፕ ውጤቱ ምንም ይሁን 88305 ነው። ሐሞት ከረጢቱ 88304 ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ያለው እዚያ ስለሆነ።

የድሮ ኮደር፦
ልክ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ማህፀን ወርዶ ከወጣ 88305፣ ዕጢ ካለበት 88309፣ በሌላ ምክንያት ከሆነ 88307 ነው። ትርፍ አንጀትም በሌላ ኦፕሬሽን መሀል እግረ መንገድ የወጣ ከሆነ 88302፣ ታሞ ከወጣ 88304። ስለዚህ ለምን እንደወጣ አንብቢ።

አትላንታ፦
ብርቱካን በከረጢት ገዝተሽ በፍሬ ትከፍያለሽ እንዴ 😄 ዶክተሩ ለየብቻ ይታይልኝ ብሎ ለይቶ የላከው ነው አንድ ዩኒት የሚሆነው። አንድ ብልቃጥ ውስጥ ተደባልቀው የመጡ 2 ፖሊፖች አንድ ናቸው።

የቨርጂኒያዋ፦
ወይኔ! አሁን ሪፖርቱን አየሁት። ኤ ላይ 2፣ ቢ ላይ 2፣ ሲ ላይ 1። ብልቃጡ 3 ነው። በ3 ዩኒት እንደ አዲስ ልላከው?

ሜሪላንድ ላብ፦
እንደ አዲስ አይደለም! ድግግሞሽ ነው ብለው ይመልሱታል። የታረመ ክሌም አድርጊው። ፎርሙ ላይ ሳጥን 22 ውስጥ 7 ጻፊ፣ ከጎኑ የመጀመሪያውን ክሌም ቁጥር። ሐሞት ከረጢቱንም እንደዚያው። ደግሞ ላብሽ ስላይዱን ብቻ አዘጋጅቶ ያነበበው የሌላ ቤት ፓቶሎጂስት ከሆነ ቲሲ የሚባለው ሞዲፋየር መግባት አለበት፣ ማንበብ ብቻ ከሆነ ሞዲፋየር 26። ይሄንን አልነገርሽንም።

የቨርጂኒያዋ፦
ሁለቱም እኛው ጋ ነው የሚሠራው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እየላክሁት ነው።

ዳላስ ቢለር፦
ካልሆነ 59 ሞክሪ።

ሲያትል፦
የቨርጂኒያዋ፣ ከፈሉሽ? 3 ሳምንት ሆነ እኮ። እኔም ጋ 4 ብልቃጥ ያለው ተመልሶብኝ ተቀምጧል።