ቡናው ከመድረሱ በፊት፦ የመንገድ ደህንነት ሐሳባችንን እንጨርስ

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። እሁድ በማህበራችን የባለንብረቶችና የሹፌሮች ስብሰባ የተባለውን ይዤ ስለ መንገድ ደህንነት የምናስገባውን ደብዳቤ ረቂቅ ጽፌዋለሁ። ጥቅምት ሳይገባ ለሚመለከተው ቢሮ መግባት አለበት። ባጭሩ ይሄ ነው፦ ለሹፌሮች የሥነ ምግባር ሥልጠና ይሰጥ፤ በፍጥነት የሚነዳ ይቀጣ፤ በጅማና አዲስ አበባ መስመር የማስጠንቀቂያ ምልክት ይጨመር። እስከ ሐሙስ ማታ አስተያየታችሁን ጣሉ።

የአይሱዙ ሹፌር፦ ጸሐፊያችን፣ ልፋትህ ይታየኛል። ግን አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚባለው ይሄው ነው። "ሥነ ምግባር" ሲባል ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። እስቲ አንድ ሌሊቴን ልንገራችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ አጋሮ እሄዳለሁ። ቡናው ተመዝኖ፣ ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ የሚያልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ባለንብረቱ ደውሎ "ጠዋት አዲስ አበባ አራግፈህ ተመለስ" ይላል። ደሞዜን ታውቁታላችሁ። ቤቴን የሚያኖረው አበሉና በምልልስ የሚከፈለኝ ነው። ስለዚህ ጫቴን ይዤ እነሳለሁ። ምርቃናው እስካለ ደህና ነው። ሲበርድ ነው የሚያስፈራው። ዓይን ተገልጦ ነው የሚተኛው። አንዴ ከአሰንዳቦ እስከ ሶኮሩ እንዴት እንደነዳሁ እስካሁን አላስታውስም። መሪው ግን በእጄ ነበር። ታዲያ የትኛው ሥልጠና ነው ይሄን የሚያድነው?

እህታችን ነርሷ (የቅጥቅጥ ባለንብረት)፦ የወንድሜን ሰዓት ቁጠሩት። 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሳይተኛ ሆነው ማለት ነው። በጥናት እንደታየው በዚያን ጊዜ የሰው ንቃት ጥቂት አልኮል ደሙ ውስጥ እንዳለበት ሰው ይሆናል። 5 ሰዓት ላይ የት ነህ? ሶኮሩ አካባቢ። የጊቤን ረጅም ቁልቁለት ገና አልወረድክም። ጫት ደግሞ እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም።

መካኒኩ፦ ጊቤን ካነሳችሁ እኔም ልግባ። ጋራዥ የሚመጣ ሁሉ "ፍሬን እምቢ አለኝ" ይላል። ፍሬኑ እምቢ ያለው ግን እዚያ ቦታ አይደለም፤ ቀደም ብሎ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠህ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ ይሸታል። ሸራው የሚጫነው ብረት፣ ታምቡሩም፣ በሙቀት ይሰፋል። ከዚያ ብትረግጥ ባትረግጥ አንድ ነው። መድኃኒቱ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚለቅም አለ። ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጅ ካልረገጥክ አዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣ መርጨት ያቆማሉ። ስለዚህ ቁጠባው እንኳ የለም! በዚህ ላይ ሊብሬው ከሚለው በላይ ተጭኖ፣ ጎማው ልጦ፣ ዝናብ ሲመጣ... ቦሎ መለጠፉ ፍሬኑን አይጠግነውም። ከመነሳት በፊት ፍሬንና ጎማ የሚያይ ሰው እዚሁ ጅማ ይኑር። እኔ በነጻ እጀምራለሁ።

መምህሩ፦ ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ብቻ። ሰዉ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የማቆሚያ ርቀቱም በእጥፍ ይመስለዋል። አይደለም። በ40 ስትሄድ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የምትንሸራተተው ርቀት በ80 ሲሆን አራት እጥፍ ነው። በ80 ደግሞ እግርህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ባለችው አንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ሄደሃል። በገበያ ቀን ሰርቦ ላይ 22 ሜትር ስንት ሰውና ስንት አህያ እንደሚይዝ አስቡት። "ምልክት ይጨመር" ከምንል ከተማ መግቢያዎቹ ላይ ፍጥነት መቀነሻ ይሠራ እንበል። ምልክት ማታ በጉም ማን ያያል?

የሚኒባስ ሹፌር፦ ድንጋዩንም ጻፉ። መኪና ሲበላሽ ከኋላ ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል። ጥሩ። ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ለሊት ለሚመጣው ወጥመድ ነው። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ስንቶቻችን ጋ አለ? እኔም የለኝም፣ አልዋሽም።

ሐጂ (የአራት መኪና ባለንብረት)፦ ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። "ባለንብረቱ ደወለ" የተባለው እኔ ልሆን እችላለሁ። እኔም የምደውለው ወዲያ ማዶ ያለው ነጋዴ ስለሚደውልልኝ ነው። ብቻዬን "ሹፌሬ ይተኛ" ብል ጭነቱ ለሌላ ይሰጣል። የባንክ ዕዳዬን ታውቁታላችሁ። ግን ሁላችንም ከፈረምን ነጋዴው የት ይሄዳል? በምልልስ መክፈሉን እንተወው። ደሞዙ ከፍ ይበል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ተጭኖ ያለቀ መኪና ጅማ ይደር። እኔ የመጀመሪያው ፈራሚ እሆናለሁ።

የአይሱዙ ሹፌር፦ ሐጂ፣ አላህ ይስጥልኝ። አንድ ችግር ግን አለ። ቡና የጫነ መኪና ሜዳ ላይ አቁሞ ማን ይተኛል? ስንት ጆንያ ጎድሎ ይነጋል? የጎደለው ደግሞ ከእኛ ይቆረጣል።

ነርሷ፦ ጥበቃ ያለው ማደሪያ ግቢ እንጠይቃ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ያን ነው መጠየቅ ያለብን። ሌላው፣ ረዳቶቹን የመጀመሪያ እርዳታ ለማስተማር ፈቃደኛ ነኝ። የተጎዳን ሰው እጅና እግር ይዞ ፒካፕ ላይ መወርወር አከርካሪውን ይጨርሰዋል። ሕጉንም ይወቁ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ሕጉ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ሽፋን አስቀምጧል። "ገንዘብ አምጡ" ተብሎ በር ላይ መቆም የለበትም።

ጸሐፊ፦ ሥልጠናው ወደ መጨረሻ ወረደ፣ ቅር እንዳይላችሁ። አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። ከእኛ በኩል፦ በምልልስ ክፍያ ይቀራል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የተጫነ መኪና ያድራል፤ ከመነሳት በፊት ፍሬንና ጎማ ይታያል፤ ሦስት ማዕዘን የሌለው አይወጣም (ሚኒባሱም ይግዛ)፤ የተደረደረ ድንጋይ ያላነሳ በማህበሩ ይቀጣል። ከመንግሥት የምንጠይቀው፦ ጅማና ሶኮሩ ላይ ጥበቃ ያለው ማደሪያ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ መግቢያ ላይ ፍጥነት መቀነሻ፣ በመጨረሻም የሹፌሮች ሥልጠና።

የደሞዙ መጠን ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። እሱን ባለንብረቶቹ እሁድ ይሙሉት።

የአይሱዙ ሹፌር፦ ባዶ ቦታው ሳይሞላ እኔ አልፈርምም።

ሐጂ፦ ትክክል ነህ። ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ባለንብረቶቹን ቤቴ እጠራለሁ፤ አንተም ና። ጸሐፊ፣ እስክንጨርስ ድረስ ደብዳቤውን አታስገባ።