አንኮበር ላይ ምን ይቅደም፦ ቤተ መንግሥቱ ወይስ የከተማዋ ሰው?

የደብረ ብርሃን መምህር፦

የጥንቷ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የአንኮበር ነገር በተነሣ ቁጥር «ቤተ መንግሥቱ እንደ ጥንቱ ይታነጽ» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ከጥንቱ ግቢ የቀረው ከኮረብታው አናት ላይ ያለው የድንጋይና የኖራ ግንብ ቁራጭ ነው። በዚያው ኮረብታ ላይ የቤተ መንግሥቱን መልክ ይዞ የተሠራ ሎጅ እንግዳ ሲቀበል ቆይቷል። ገንዘብ ከተገኘ ግን በመጀመሪያ ለሌላ ነገር መዋል አለበት ባይ ነኝ።

አንኮበርን የምናውቃት በነገሥታቱ ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙን መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስን ተቀብለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ልጅ ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ተመልሰው የአያታቸውን ዙፋን ያዙ። ይህን ተማሪዎቼ ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል። የገበሬውን ማረሻ፣ የወታደሩን ጦር፣ ግብር የተበላበትን ድስትና ምጣድ ማን እንደሠራው ስጠይቃቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ምኒልክ ዘንድ መምጣቱ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ከእርሱ በፊት በአንኮበር ተራሮች ሥር ወናፍ ሲነፉ፣ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩት ጠቢባን የአንዳቸው ስም እንኳ የለም። ገንዘቡ የእነርሱን ታሪክ ከአረጋውያን አንደበት ለመመዝገብ ይዋል። ግንቡ ይቆየናል፤ አረጋውያኑ ግን አይቆዩንም።

የአንኮበር አስጎብኚ፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እንግዳ ያንን ዳገት ላቡን እያፈሰሰ ወጥቶ አናቱ ላይ ሲደርስ የሚያየው ከሰው ቁመት የማይበልጥ ግንብ ነው። «ሌላውስ የታለ?» ይለኛል። በእጄ እያመለከትሁ እዚህ እልፍኙ፣ እዚያ ግብር ቤቱ እላለሁ፤ እርሱ ግን ከሣር በቀር የሚያየው የለም። ፎቶ አንሥቶ በዚያው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። የሚታይ ነገር ቢኖር ያድራል፤ ካደረ በቅሎ ይከራያል፣ ምሳና እራት ይበላል። ነገሥታቱ ባይኖሩ አንኮበር የሚባል ስም ማን ይሰማ ነበር? ሰውን የሚጠራው ምኒልክ ነው። መጀመሪያ ይምጣ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ንገሩት።

የታሪክ ተማሪ፦

ይታነጽ የምትሉ ወገኖች አንድ ነገር መልሱልኝ፦ የትኛው ዘመን? ከሐሪስ ጋር የመጣው ሠዓሊ በርናትዝ ሥዕሎች ትቶልናል፤ እነዚያ ግን የሣህለ ሥላሴን ዘመን የሚያሳዩ ናቸው። ምኒልክ የኖሩበት ግቢ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱን ቀላቅለን ብንሠራ የማንም ያልሆነ ቤት ይወጣል። ደግሞም አብዛኛው እንጨትና ሣር ክዳን ነበርና መሠረቱ በወጉ ተቆፍሮ ሳይጠና የሚተከል ምሰሶ ሁሉ ከሥሩ ያለውን ማስረጃ ያጠፋል። ይህ የፈረሰን ከመተው የባሰ ነው።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፦

መምህር፣ ስለ እኛ በማሰብዎ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን ከውጭ ሆነው ነው ያዩት። እናቴ አፈሩን ከወንዝ ዳር በጀርባዋ ተሸክማ አምጥታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ አቡክታ ጀበና ትሠራለች። ገበያ ይዛው ስትወጣ ጀበናውን ይገዟታል፤ ቡና አፍልተው ሲጠጡበት ግን እርሷን አይጠሯትም። «ቡዳ» የሚለው ቃል ስንቱን ትዳር እንዳፈረሰ እኛ እናውቃለን። አሁን መዝጋቢ መጥቶ መንደራችንን በካርታ ላይ ምልክት ቢያደርግበት ጎብኚው የሚመጣው ሥራችንን ሊያይ ነው ወይስ እኛን ሊያይ? ታሪካችን ይጻፍ፤ እኔም እፈልጋለሁ። ምን እንደሚጻፍ፣ የማን ስም እንደሚጠቀስ የምንወስነው ግን እኛው እንሁን። ገቢውም ወደ መንደሩ ይግባ። ያለዚያ እናቴ እንደ ጀበናዋ ለዕይታ ልትቀርብ ነው።

የደብረ ብርሃን መምህር፦

እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ ያለ እናንተ ፈቃድ የሚጻፍ አንድም መስመር አይኑር። አስጎብኚውም ምኒልክን ከእኔ ጋር ሊያጣላ አይገባም። ባለ ሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት እኮ እርሳቸው ናቸው! ይህን በግንቡ ሥር ቆሞ መንገር ምን ይከብዳል? ይህም የንጉሡ ታሪክ ነው።

ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ ያለችው አልዩ አምባ ጉዳይም አለ። ከሐረርና ከባሕር ዳርቻ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፈው እዚያ ነበር። አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር እየተቆጠረ ጨርቁና ቡናው ይለወጥ ነበር። የሣህለ ሥላሴ ግምጃ ቤት ከዚህ ንግድ በሚሰበሰብ ቀረጥ ይሞላ ነበር። በአቅራቢያዋ በአብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ይህንን ደብቀን ግንብ ብቻ ብናሳይ ለእነዚያ ሰዎች ሁለተኛ በደል ነው። አስጎብኚ ወንድሜ፣ ይህን ለእንግዶችህ ትነግራቸዋለህ?

የአንኮበር አስጎብኚ፦

ከጠየቁኝ እነግራለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ግን አንሥቼ አላውቅም። አልዩ አምባን ከመንገዱ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ጠዋት ከኮረብታው ተነሥቶ ቁልቁል መውረድ ለእግረኛ ደስ የሚል ጉዞ ነው። የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች የሰፈሩበት፣ መሪያቸው አንቲኖሪም እ.ኤ.አ. በ1882 ያረፈበት ሌት ማረፊያ የተባለው ቦታም በአካባቢው ነው። ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ግን እህታችን ያለችውን እቀበላለሁ፤ ሳይጠሩኝ እንግዳ ይዤ አልሄድም።

በአንድ ነገር አልለወጥም። ግንቡ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ እየገባ ኖራው ይረግፋል። ቤተ መንግሥቱ አይታነጽ ካላችሁ እሺ፤ የቀረው ግንብ ግን ዘንድሮውኑ መጠለያ ይሠራለት። ይህን የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ይጻፍልኝ።

የታሪክ ተማሪ፦

እኔ አልቃወምም። ምሰሶው ከግንቡ ውጭ ይተከል፤ ጉድጓዱም ባለ ሙያ ሳያየው አይቆፈር።