ጥቆማ፦ ለኤክስካቫተር ባኬት ፒን የትኛው ብረት ይሻላል?

ካባ ሥራ፦ ሰላም ለሁላችሁም። 20 ቶን ኤክስካቫተር አለን፣ የሚውለው ድንጋይ ካባ ላይ ነው። የባኬቱ ሁለት ፒኖች (ባኬቱን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች) ተበልተው ባኬቱ ይንቀጫቀጫል። ውፍረታቸው 80 ሚሊ፣ ርዝመታቸው 50 ሳንቲም። የኦሪጅናሉ ዋጋ አይቀመስም፣ ቶርኖ ቤት ላሠራ ነው። ከብረት ዓይነቶቹ ሲ 45 ነው 4140 የሚሻለው? አዲስ አበባ ከየት ልግዛ?

ሎደር 07፦ ግራሶ ይጠጣል?

ካባ ሥራ፦ ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ ይላል ኦፕሬተሩ።

ሎደር 07፦ "ይላል"። ገባኝ።

የተሸወደው፦ 4140 ሲሉህ እንዳታምን! አምና አንድ ሱቅ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት "ይኸው 4140" ብሎ ሸጠልኝ፤ ማረጋገጫው ቀለሙ ነው። በ17ኛው ቀን ፒኑ እንደ ሙዝ ጎበጠ። ሦስት ሆነን በመዶሻ እየተፈራረቅን ብንደበድበው ንቅንቅ አላለም፤ መጨረሻ በኦክስጅን ቆርጠን አወጣነው፣ ፒኑ የሚገባበት ቀለበት፣ ቡሹም አብሮ ሄደ። ሱቁ ብመለስ "ኦፕሬተርህ ነው" አለኝ።

አንድ ጥያቄ፦ የቱ ሱቅ ነው? በውስጥ ንገረኝ።

ዶዘር ሜዳ፦ ለእኔም።

የተሸወደው፦ ስም አልጠራም፣ ነገ ዕቃ ያስፈልገኛል።

አንድ ጥያቄ፦ እኔ የገልባጭ ፒን በሲ 45 አሠርቼ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ሎደር 07፦ ገልባጭ ድንጋይ ይፈነቅላል እንዴ?

የሳሪሱ፦ ወንድሜ ብረቱን ተወው፣ ዋናው ሠሪው ነው። ሳሪስ አንድ አባት አሉ፣ 15 ዓመት ደንበኛቸው ነኝ። ምን ብረት እንደሚጠቀሙ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንዴ ተሰብሮብኛል፣ ግን ከእሳቸው የሚሻል የለም።

ሎደር 07፦ ይሄ ጥቆማ ነው ጋብቻ?

ጋሽ ሞረድ፦ ልጄ፣ ለካባ 4140 ያዝ። ቻይናዎቹ 42 ክሮሞ የሚሉት የዚያው ዘመድ ነው። ሲ 45 ካርቦን እንጂ ተብሎ የተጨመረበት ክሮሚየም የለውም፤ በዚህ ውፍረት ላዩ ቢጠነክርም ውስጡ ለስላሳ ይቀራል። 4140 አንድ በመቶ ገደማ ክሮሚየምና ትንሽ ሞሊብዲነም ስላለው ጥንካሬው ጠለቅ ይላል። ከዚያ ላዩን ብቻ በኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ አሙቆ በማጠንከር) ከ50 ሮክዌል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) በላይ አስደርገው፤ እስከ ውስጡ እንደዚያ ካጠነከርከው ምት ሲያገኘው እንደ ሸክላ ነው። የግራሶ ቀዳዳው ከማጠንከሩ በፊት ይበሳ። ውሃ ውስጥ ልንከረው የሚልህን ቶሎ ተሰናበተው፣ ይሰነጠቃል፤ 4140 ዘይት ነው የሚፈልገው። ስትረከብ ሞረድ ይዘህ ሂድ፦ ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፣ ከነከሰ አልጠነከረም። የብረቱን ዓይነት ግን ሞረድ አይነግርህም፣ የፋብሪካ ወረቀት ጠይቅ። አንዱ ፒን ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል፣ በኪሎ ሲያስከፍሉህ አስላው። ቡሹንም ለካው፤ ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ አዲስ ፒን ብታስገባም መንቀጫቀጡ አይቀርም።

ካባ ሥራ፦ ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። ኢንዳክሽን የሚሠራ ቤት ያውቃሉ?

የሳሪሱ፦ የእኔ ሰውዬ በከሰል ያሞቃሉ፣ ያው ነው።

ጋሽ ሞረድ፦ ያው አይደለም።

የሳሪሱ፦ 15 ዓመት እኮ ነው የምልህ!

የተሸወደው፦ መጀመሪያ ቀለሙን ፋቀው።

ሎደር 07፦ ሦስት ሳምንት ሆነ። ካባ ሥራ፣ በየቱ አሠራኸው?

ካባ ሥራ፦ ሰላም፣ ያገለገለ ባኬት የሚሸጥ የሚያውቅ አለ?